የዮርኩ ፍም

ኢንስፔክተር እናትአለም ጡረታ ከወጣች ወዲህ በሯን የሚያንኳኳው ወይ የውሃ ቦቴ ሾፌር ወይ ቁልፍ የጠፋበት ጎረቤት ነበር። ያን ቀን ያንኳኳችው ግን ፌኔት ናት፤ በቅርቡ የተቀበሩት የሐጂ ሻርማርኬ ምራት። ትንሿን ልጇን ኢልሃንን ታቅፋ፣ በአንድ እግሯ የራሷን፣ በሌላው የባሏን ነጠላ ጫማ አድርጋ ቆማለች።

«እትዬ፣ ልጄን ሊነጥቁኝ ነው» አለች። «ሐጂን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ግን ወላሂ፣ አስቤበት አይደለም።»

እናትአለም በሥራ ዘመኗ ብዙ ኑዛዜ ሰምታለች፤ በተንኮል የገደለ ሰው ግን እንዲህ ቀድሞ ሲናገር አልሰማችም። አስገብታ አስቀመጠቻት።

ነገሩ ይህ ነው። የጅጅጋው ነጋዴ ሐጂ ሻርማርኬ ከሚስታቸው ከሱዓድ፣ ከልጃቸው ከጉሌድ፣ ከምራታቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ሆነው እንግሊዝ አገር የምትኖረውን ልጃቸውን ኢዲልን ሊጠይቁ ሄዱ። ኢዲል ዮርክ በምትባል ጥንታዊ ከተማ ለጉብኝቱ ቤት ተከራይታ ጠበቀቻቸው። በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በኋላ ሽማግሌው በረዳቸውና ጋደም ሊሉ ቀሩ፤ ሌሎቹ የከተማዋን የድንጋይ ግንብ ለማየት ወጡ። ሲመለሱ ሞተው አገኟቸው። አጠገባቸው፣ ትሪ ላይ፣ የከሰል ፍም ነበር።

የእንግሊዝ ፖሊስ «ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ ነው፤ አደጋ ነው» ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ይሁንና አንዱ ለጢስ፣ ሌላው ለዚሁ መርዝ የሚጮኹ ሁለት መሣሪያዎች ከጣሪያ ወርደው፣ ባትሪያቸው ወጥቶ፣ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተገኝተዋል። ማን እንዳወረዳቸው ሲጠየቁ ሁሉም «አላውቅም» አሉ። አስከሬኑን ይዘው ጅጅጋ ሲገቡ ኢዲልም አብራ መጣች። የሟቹ ወንድም ሐጂ ዐብዲሓኪም ግን ለመፍረድ አልዘገዩም፦ ፍሙን ያስገባችው ፌኔት ጩኸቱንም አፍናለች፤ ጉሌድ ይፍታት፤ ልጅቷ እዚሁ ትቅር።

እናትአለም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሐዘኑ ቤት ሄደች።

«ሐጂ፣ ለምን እሷን ጠረጠሩ?»

«ወንድሜ ጋብቻውን እንዳልወደደው ታውቅ ነበር» አሉ ሐጂ ዐብዲሓኪም። «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ኢንስፔክተር። ወጣቶቹ ሳይቆጡ ትሂድ።»

«እስከ ዛሬው የአስር ሶላት ይታገሱኝ።»

ሱዓድን ያገኘቻት የባሏ መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። እናትአለም ቀና አለች። ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት አለ፤ አንዲት ድንቢጥ ገብታ ወጣች።

«እዚህ ክፍል ከሰል ታስገቡ ነበር?»

«ሲበርድ ሁልጊዜ። ጢሱ ካለቀ ምን ያመጣል ብለን?»

«የዮርኩስ መስኮት?»

ሱዓድ የሻሿን ጫፍ ጠመዘዘች። «ፌኔት ገርበብ አድርጋው ነበር። ሐጂ አሁንም በረደኝ ሲሉኝ የዘጋሁት እኔ ነኝ። የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም።»

«ቤቱ እንደገባችሁ መጀመሪያ ምን አደረግሽ?»

«ኡንሲ ነዋ፣ ዕጣናችንን! ለኢዲል ያመጣሁላትን የኤሌክትሪክ ማጨሻ እዚያው አሟሸሁት። የሰው አገር ሽታ እንዲለቅ ቤቱን በጢስ ሞላሁት።»

«የጮኸ ነገር የለም?»

«ማን ይጮኻል?» አለች ሱዓድ ግራ ገብቷት።

ጉሌድ በረንዳው ላይ ነው። «ግንቡ ላይ ሆኜ ‹ጁገልን ይመስላል› እያልኩ ስቀልድ ነበር» አለ። «አባቴ እየሞተ እኔ ፎቶ አነሳ ነበር።»

«ፌኔት ከሰሉን መቼ ገዛችው?»

«ከምሳ በኋላ። ያዘዛት ራሱ አባቴ ነው። ጓሮ አቀጣጥላ፣ ጢሱ ሲያልቅ አስገባችለት።»

ኢዲል ወጥ ቤት ሳህን ታጥባለች።

«እንግሊዞች ጢስ አይወዱም ይባላል» አለች እናትአለም።

«ኧረ ተይኝ! ሳምቡሳ ስጠብስ እንኳ...» ኢዲል ንግግሯን አቋረጠች።

«እንኳ ምን?»

«ጎረቤት ይቆጣል።»

የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠበችው። እናትአለም ይህን አይታ ወጣች።

ከሶላቱ በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። እናትአለም ንግግሩ በአማርኛ እንዲሆን ለመነች፤ እስካሁን በፌኔት ላይ የተባለው ሁሉ ራሷ ፌኔት በደንብ በማትሰማው ሶማልኛ ነበርና። ከዚያ ከአንድ ሆቴል የተዋሰችውን ነጭ ክብ ነገር ምንጣፉ መሀል አስቀመጠች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የመብራት ክዳን» አሉ ሐጂ ዐብዲሓኪም።

«የቅባት ዕቃ አይደለም?» አለች ሱዓድ።

«ዋይፋይ ነው» አለ ጉሌድ።

ፌኔት ወደ ኋላ ሸሸት አለች። «ካሜራ?»

ኢዲል ብቻ ዕቃውን አላየችውም።

«ዮርክ ጣሪያው ላይ የነበረው ይህን የመሰለ ነው» አለች እናትአለም። «ሱዓድ ቤቱን በጢስ ስትሞላው አልጮኸም። እንግዲህ ሻንጣ ሳይራገፍ በፊት ወርዷል ማለት ነው። ፌኔት ከሰል የገዛችው ከምሳ በኋላ ነው፣ ያውም ታዝዛ። ገና ላልታሰበ ፍም ማን ጩኸት ያፍናል? ደግሞስ እንደሚጮኽ የማያውቅ ሰው ለምን ያወርደዋል? አሁን እንዳያችሁት ከጅጅጋ የሄደ ሰው ምንነቱን እንኳ አያውቀውም። የሚያውቀው እዚያ አገር የኖረ፣ ሳምቡሳ በጠበሰ ቁጥር የሚጮኽበት፣ ማውረድ የለመደ ሰው ነው። ቁልፉን ተቀብሎ ቀድሞ የገባውም እሱው ነው።»

ሁሉም ወደ ኢዲል ዞሩ።

«እናቴ ኡንሲ ሳታጨስ ቤት ገባሁ አትልም» አለች ኢዲል፣ ድምጿ ተሰባብሮ። «በመጀመሪያው ቀኗ እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱንም አወረድኳቸው። እመልሳቸዋለሁ ብዬ ረሳሁ። ፍሙ በፊቴ ሲያልፍ እንኳ ትዝ አላለኝም።»

«ፖሊስ ሲጠይቅስ?»

«ፈራሁ። ኋላ ደግሞ ሁሉም ፌኔትን ማየት ጀመረ።»

«መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለች ሱዓድ ከጥግ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሐጂ ዐብዲሓኪም መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ ፌኔት፣ ልጅሽም ቤትሽም ያንቺ ናቸው። ተሳስቻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

ፌኔት ኢልሃንን አጥብቃ አቀፈች፤ የሰማቻቸው አትመስልም። ዓይኗ ኢዲል ላይ ነው።

«ስንመለስ አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ ነበር የተቀመጥሽው» አለቻት። «‹አባትሽን ገደልኩብሽ› ብዬ ሳለቅስ እጄን ይዘሽ ‹ይቅር ብዬሻለሁ› አልሽኝ።»

ኢዲል አንገቷን ደፋች።

«ምኑን ነበር ይቅር ያልሽኝ?»