የዝንቧ ዓይን በቆሰበር

«አትነቃነቅ፣ ግራር» አለ ኪዳኑ። «እጅህን ካነሳህ ይተኩሳል።»

ግራር አልተነቃነቀም። የከሰል ጆንያ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

ግራር የስለላ ስሙ ነው። ቆሰበር የምታውቀው ደረሰ የሚባለውን ከሰል ነጋዴ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥቁር አቧራ የዋጠው፣ የተሰረቀውን ሰው ሠራሽ ዓይን ከሌቦች እጅ አውጥቶ ለአለቃው ለኪዳኑ ለማስረከብ ነበር። ዛሬ ረፋዱ ላይ አስረከበ። አለቃው ደግሞ ዓይኑን ጠረጴዛ ላይ ከተተከለ ጠመንጃ ጋር ገጥሞ አፈሙዙን ወደ እሱ አዞረው።

ወይ ነዶ!

ዓይኑን የሠራችው ዮዲት የምትባል የዳንግላ መሐንዲስ ናት፤ ከዝንብ ዓይን ተምራ። ዝም ያለውን አያይም። የተንቀሳቀሰውን ግን ከያዘ አይለቅም። የሠራችውም የእርሻ ሮቦት ሕፃን ወይም ጥጃ እንዳይረግጥ ብላ ነው። እነዚህ ውሾች ሰው መግደያ አደረጉት!

«ዓይኑን የሚገዛኝ ሰው በሰው ላይ ተሞክሮ ማየት ይፈልጋል» አለ ኪዳኑ። ስልኩን ለቪዲዮ አቁሞ፣ ከአፈሙዙ በታች ዱካ ላይ ቁጭ ብሏል። እዚያ ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ዓይኑ አያየውም። «መቼም ማስነጠስህ አይቀር። የከሰል አቧራ ነው!»

«ሆዳም!» አለ ግራር በጥርሶቹ መሃል።

በሩ ሲጥ አለ። ከጠመንጃው ጀርባ አያ ወገኔ ገቡ። ግራር የተከራየው የዚህ ከሰል መጋዘን ባለቤት ናቸው፤ ሁለት ዓመት «ልጄ» እያሉ ከገበታቸው ያበሉት ሽማግሌ።

የግራር ጉልበት ሊነሳ ከጀለ።

አልተነሳም።

ኪዳኑ ግን ያደገው ጥሊሊ ነው። ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ ማለትን ማን አስተምሮት!

«ኖር!» ብሎ ብድግ አለ።

አያ ወገኔ «በእግዜር» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ተኩሱ ጮኸ።

ኪዳኑ ተዘረረ። አፈሙዙ አሁንም ሌላ ሰው ይፈልጋል።

«አያ፣ እዚያው ቆመው ከጠመንጃው ኋላ ያለውን የመብራት ገመድ ይንቀሉልኝ!»

ነቀሉት። ከዚያ ቁጭ ያለውን «ልጃቸውን» አዩት።

«አሳዳጊ የበደለህ! ያ ምስኪን ለእኔ ሲነሳ ሞተ። አንተ ቁጭ?»

ያ ሆዳም ምስኪን ተባለ! ግራር ግን ማን እንደሆነ ላይናገር ምሏል። ዓይኑን ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ጎረቤት በሩን ሞላው። «አያ፣ ይሄ ሰውዬ ያንተ ተከራይ አይደል?» አሉ አንድ እኩያቸው።

አያ ወገኔ ፊታቸውን አዞሩ። «አላውቀውም።»

ሰዉ ወደ ሬሳው ሲጋፋ ግራር በመሃል ሾልኮ ወጣ። በሚኒባስ ዳንግላ ገብቶ ዓይኑን ለዮዲት አስረከበ። ከዚያ ወዲያ ደረሰ የሚባል ከሰል ነጋዴ ያየ የለም።

የአያ ወገኔ ቃል ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። እውነታቸውን ነዋ! መቼ አወቁት?