ወይራ የታጠነው በርሜል

አመለወርቅ ጠዋት ጠዋት የቀኑን ሥራ የምትጀምረው ፖፖዋን ጓሮ ደፍታ፣ ከሰማያዊው በርሜል አንድ ጣሳ ውሃ ቀድታ በመጠጣት ነበር። ባሏ ጌታነህ በዚያ ሰዓት አበባ እርሻው ገብቷል። ከሐይቁ የሚነሳው ንፋስ የግሪን ሃውሶቹን ላስቲክ ሲያርገበግበው ድምፁ እቤቷ ድረስ ይሰማል፤ መድኃኒት በሚረጭበት ቀን ደግሞ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ጣፋጭ ነው እንዳይሉት የሚመር ሽታ አብሮ ይመጣል።

በርሜሉን ጌታነህ ያመጣው ከእርሻው ነው። መድኃኒቱ ሲያልቅ ባዶው ለታታሪ ሠራተኛ ይሰጣል፤ የቦኖ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ያለው ቤት የታደለ ቤት ነው። አመለወርቅ በአሸዋና በግራዋ ቅጠል ፈትጋ አጠበችው፣ በወይራ ጭስ ላይ ደፍታ አጠነችው። ፍሙ ቢጠጋው አፉ ላይ የጨረቃ ቁራጭ የሚመስል ጠባሳ ቀረበት። ሽታው ከሄደ መርዙም ሄደ ይላል ሰፈሩ፤ እሷም አመነች።

አሁን ስድስት ወሯ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ሳያለቅስ ነበር የተወለደው፤ ግዙፍ፣ ያማረ፣ ዝም ያለ ልጅ። ይህኛው እንዲያለቅስላት ብቻ ነበር ስለቷ።

አንድ ቀን ጓሮ ፖፖ የደፋችበት ቦታ በጉንዳን ጠቁሮ አገኘችው። በሳምንቱ ጉንዳኖቹ በበሩ ስንጥቅ ገብተው፣ በግድግዳው ጥግ ተሰልፈው አልጋዋ ሥር ፖፖው ድረስ መጡ። ጎረቤቷ እትዬ ሸጊቱ አይተው ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ይኼ ስኳር ነው። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ።»

ነርሷ ሲስተር ፍሬዘር ደሟን መርምራ፣ በእርግዝና የሚመጣ ስኳር መሆኑን፣ ካልተጠነቀቁ ልጁን እንደሚጎዳ ነገረቻት። አመለወርቅ ስኳር ተወች። ሻይዋን መራራ ጠጣች፣ ከዳቦ ራቀች። ዓይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነውና፣ ቤት ውስጥ የተቀጣችው የስኳሯ ቆርቆሮ ብቻ ሆነች። ጥማቱ ግን ባሰ። ምላሷ እንደ ቆዳ እየደረቀ፣ በጠጣች ቁጥር ጣሳውን ደግማ ትነክረዋለች፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ወይራ ወይራ ይላል።

ከዚያ ወዲያ ነው ልብ ማለት የጀመረችው። በጎረቤት እንስራ ሁሉ የወባ ትንኝ እጭ ሲፈላ በእሷ በርሜል አንድም ታይቶ አያውቅም። ዝንብ ክዳኑ ላይ አያርፍም። ጉንዳኖቹም ቢሆኑ፣ ቀጥ ብለው መጥተው በርሜሉ አጠገብ ሲደርሱ ሰፊ ክብ ይዞራሉ፤ በመካከል የሚቀረው ወለል ተጠርጎ የጸዳ ይመስላል። ፈራች። ለማን ምን ብላ ትንገር?

በሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳሩ ጨምሮ ተገኘ። ሲስተር ፍሬዘር ስለ ምግቡ ጠይቃ ስትጨርስ፣ «ውሃ የምታጠራቅሚው በምንድን ነው?» አለቻት።

«በበርሜል።»

«የምን በርሜል?»

«ከአበባ እርሻው የመጣ፣ የተባይ መድኃኒት የነበረበት።»

«በእሱ ብቻ ነው የመጣው ብዬ አልምልልሽም» አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን አንዳንዱ የተባይ መድኃኒት ከዚህ ስኳር ጋር ይያያዛል ይባላል። ከዛሬ ጀምሮ እንዳትጠጪበት። እናቶች ማቆያው ግቢና እስክትወልጂ አጠገባችን ሁኚ።»

ማታ ለጌታነህ ነገረችው።

«ይህን የመሰለ በርሜል ልጣለው?» አለ።

«ብቻ ከዓይኔ አርቅልኝ።»

ማቆያው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለ፣ የሰፈሩ ሰው በመዋጮ የሠራው ቤት ነው፤ አንዱ ፍራሽ፣ አንዱ የገንፎ እህል፣ አንዱ ድስት ይሰጣል። አመለወርቅ እዚያ ስትገባ ደረቷ ቀለላት። ስድስት እርጉዞች በአንድ ክፍል ይተኛሉ፣ ይሳሳቃሉ። ተንከባካቢዋ እትዬ ዘውዲት ከጓዳ በጆግ ውሃ ያመጡላቸዋል። ውሃው ወይራ ይሸታል፤ በዚያ አገር የማን ቤት ውሃ ነው የማይሸት? የእሷ ጥማት ግን አልበረደም። ሌሎቹም ጆጉን ቶሎ ቶሎ ያስሞሉ ጀመር። ሲስተር ፍሬዘር የአመለወርቅን ውጤት ደጋግማ ታያለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘውዲት ወፍጮ ቤት ሄደው ነበር። አፏ ሲደርቅባት አመለወርቅ ጆጉን አንስታ ራሷ ጓዳ ገባች። መስኮት የለውም። ጨለማው የረጠበ አፈርና ጭስ ይሸታል። በእጇ እየዳሰሰች ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ ነገር አገኘች፤ ጣቶቿ በአፉ ዙሪያ ሄደው ሄደው የጨረቃ ቁራጭ የሚመስል ጠባሳ ላይ ቆሙ።

ልጁ በሆዷ ውስጥ ተገላበጠ።

«አወቅሽው?» አሉ ከኋላዋ እትዬ ዘውዲት፣ ዱቄቱን እያወረዱ። «ባልሽ ነው ያዋጣው። በምትገቢበት ዋዜማ አምጥቶ፣ ለእናቶች ይሁንልኝ አለ። ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው።»

በሩን ገፋ ሲያደርጉት ብርሃን ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ከደጅ የመጣው የጉንዳን ሰልፍ በርሜሉን በሩቁ ዞሮ፣ በእናቶቹ ክፍል በር ሥር ገብቶ፣ በስድስቱም አልጋዎች ሥር ወዳሉት ፖፖዎች ተከፋፍሎ ይሄድ ነበር።