የሻለቃ ሰንሰለት

«አምስት… ስድስት…»

ሉሊት አንድ ዓይኗን በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ላይ ሰክታ ትቆጥራለች። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ሳብሪያ ቁጢጥ ብላ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የብረት ሳህን ታጥባለች። መጀመሪያ ከጓሮው አፈር ዘግና ሳህኑን ውስጡንም ውጭውንም አሸችው። ከዚያ በጆግ ውኃ አፈሰሰችበትና ደፋችው። እንደገና አፈሰሰች፤ እንደገና ደፋች።

«ሰባት።»

ሳብሪያ ሳህኑን ከሌሎቹ ዕቃዎች ለይታ አጭሯ ግንብ ላይ በአፉ ደፋችው። ቀና ብላ ዙሪያዋን ቃኘች። ሉሊት ዓይኗን ከቀዳዳው ነቀለች። የልቧ ምት ሞጣን አልፎ ጉንደ ወይን ድረስ የሚሰማ መሰላት።

ድስት በአመድ ማሸት ያለ ነው። ሰባት ጊዜ ማጠብ ግን የት አገር ነው ያለው? አምስት መቶ ሰው የበላበት የሠርግ ድስት እንኳ ሁለት ጊዜ ከታጠበ ይበቃዋል። ሰባት ጊዜ የሚታጠብ ዕቃ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ መርዝ የነበረበት።

ሻለቃ ደግሞ በመርዝ ከሞተ ገና አራት ሰዓት አልሞላውም።

ሻለቃን ውሻ ብሎ መጥራት ለአፍ ያህል ነው። የሉሊት እናት ሲስተር ባንቺዓለም ከብቸና ወደ ሞጣ ጤና ጣቢያ የተዛወሩ ጊዜ በካርቶን ተጭኖ የመጣ ቡችላ ነበር። ያኔ ተራ ወታደር ነበር። አንድ ጅብ ሲያባርር አስር አለቃ ሆነ። (ሉሊት እንደምትለው ጅቦቹ ሦስት ነበሩ፤ እናቷ ደግሞ የጎረቤት ጥጃ ነበር ይላሉ።) የዶሮ ሌባ ሱሪ ይዞ ካስቀረ በኋላ መቶ አለቃ፣ ከዚያም ሻምበል፣ ዘንድሮ ደግሞ ሻለቃ። ከዓባይ ወዲህ እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ፍጥረት አልተወለደም። የሉሊትን እርምጃ ከገበያተኛ ሁሉ ለይቶ ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለው ውሻ ጄኔራል ሳይሆን ሞተ።

ዛሬ እሑድ ከሰዓት እሷና እናቷ ከብቸና ሲመለሱ የሳብሪያ እናት እትዬ ሀሲና የግቢውን ቁልፍ ይዘው በራፍ ላይ ጠበቋቸው።

«ሲስተር፣ ውሻችሁ ሞተባችሁ» አሉ። «ጠዋት እየተንገዳገደ መጥቶ በራፋችሁ ላይ ወደቀ። አፉ አረፋ ይደፍቅ ነበር። ባሕር ዛፉ ሥር ቀብረነዋል።»

«ከግቢ ምን አወጣው?» አሉ ባንቺዓለም፤ ወደ ልጃቸውም ዞሩ። «አስረሽው አልነበር የመጣሽው?»

«አስሬዋለሁ» አለች ሉሊት።

ከእትዬ ሀሲና ጀርባ ቆማ የነበረችው ሳብሪያ በዚያች ቅጽበት ቀና ብላ አየቻት። የእናቷን ቀሚስ ጎተት አደረገችና አቀረቀረች። ያን ማቀርቀር ሉሊት መዘገበችው። ሰው ያለ ጥፋቱ አያቀረቅርም።

ቁልፉ የነበረው እነሱ ዘንድ ነው። እትዬ ሀሲና ሻለቃ በአጠገባቸው ሲያልፍ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ዞር ይላሉ፤ አንድ ቀን እንኳ ደፍ አስረግጠውት አያውቁም። አሁን ደግሞ ይሄ ሳህን። ሉሊት ያየችውን ሁሉ ለእናቷ ተነፈሰች። እናቷ የጉዞ ልብሳቸውን እያጣጠፉ ሰሟት።

«ተዪው በቃ። የውሻ ደም ደመ ከልብ ነው፤ ጠያቂ የለውም። ቁልፍ ከምንሰጣቸው ሰዎች ጋር በውሻ አንጣላም።»

«ለእኔ ግን ውሻ ብቻ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ነበር? ጥቁር ልልበስለት?»

ሰኞ ጠዋት በስምንተኛ ክፍል የሉሊትን እብጥ ያለ ዓይን መጀመሪያ ያየው ሽታሁን ነው። ሽታሁን ከፊት ወንበር ተቀምጦ ከኋላ ያለውን ሁሉ የሚሰማ፣ የሰማውንም ጨው ጨምሮ የሚያቀርብ ልጅ ነው።

«ማን ሞተባችሁ?»

«ሻለቃ።»

«ውሻው? በናትሽ። ታዲያ ለቅሶው የት ነው? ጋሽ አምባቸው ጥሩንባ ነፉ እንዴ?»

ጋሽ አምባቸው የሰፈሩ እድር ጥሩንባ ነፊ ናቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «ድንኳን ተከራዩ» አለ፤ ሌላው «አርባውን እንዳትረሱ» አለ። ሉሊት ዕንባዋን ዋጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ተመርዞ ነው» አለች። «ማን እንዳደረገውም አውቃለሁ። በሰንሰለት አስሬው ነበር የሄድኩት። ቁልፉን የሰጠሁት ለአንድ ቤት ብቻ ነው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። አርባ ሁለት ራስ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞረ፤ ወደ ሳብሪያ።

ወሬ በሞጣ እግር አያስፈልገውም። በዕረፍት ሰዓት ሰንሰለቱ ሁለት ሆነ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሆነና የጓጉንቸር ቁልፍ ተጨመረበት። ሰባት ጊዜ የታጠበው ሳህን ሃያ አንድ ጊዜ የታጠበ ሆነ። ሉሊት እያንዳንዷን ስትጨምር ጭማሪዋን ራሷ ታምን ነበር። ደግሞስ እንዲህ ያለ ጀግና በአንድ ሰንሰለት ይታሰራል እንዴ?

ሳብሪያ በየዕረፍቱ የምስር ሳምቡሳ ታመጣ ነበር። እናቷ የሚጠብሱት ሳምቡሳ ፌስታሉ ገና ሳይፈታ እጅ ይሻማበት ነበር። ማክሰኞ ግን ፌስታሉን ብትፈታ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰው የለም።

«ሳምቡሳው ስንት ጊዜ ታጥቧል?» አለ ሽታሁን ከሩቅ።

ሳብሪያ መልስ አልሰጠችም። አንዱን አንሥታ ብቻዋን ገመጠች፤ ቀሪውን ቋጥራ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ሉሊት ይህንንም መዘገበች። ንጹሕ ሰው ይከራከራል፤ ዝም የሚል የሚደብቀው ነገር አለው።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ሉሊት የወንጀሉን ቦታ ለመመርመር ወሰነች። ሻለቃ ይታሰርበት ከነበረው ግንድ ሥር ተንበረከከች። ሰንሰለቱ ዝጎ ተጠምጥሞ ተቀምጧል። ከሰንሰለቱ ወደ ግንዱ ደግሞ ድር ተዘርግቷል። ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ ድር ነው፤ መሐሉ ላይ የደረቁ ትንኞች ተንጠልጥለውበታል። ሸረሪቷ ቢያንስ የአንድ ወር ሥራ ሠርታለች።

ሉሊት ድሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ግራ ቀኝ ገልመጥ አደረገችና በጣቷ ጠረገችው።

ጣቷን በቀሚሷ እየጠረገች ቆመች። ዓርብ ዕለት ጋሽ አምባቸው ጥሩንባቸውን ነፍተው «ከድልድዩ ማዶ ለጅብ የተመረዘ ሥጋ ተቀምጧል፤ ውሻ ያለህ እሰር» ብለው ሲያልፉ በጆሮዋ ሰምታለች። ሐሙስ ወደ ብቸና ቀድመው የሄዱት እናቷም ደውለው «ውሻውን እሰሪ፣ ቁልፉን ለእትዬ ሀሲና ስጪ» ብለዋታል። ቁልፉን ሰጠች። ሻለቃን ግን አላሰረችውም። እሱ ፊት ፊት ሲሄድ፣ መንገደኛው ግራና ቀኝ ሲከፈልለት፣ እሷ ከኋላ እንደ ንግሥት መከተሏን ትወደው ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። «በል ወደ ቤት» አለችው። ሚኒባሱ ሲነሣ በኋላ መስታወት አየችው። እስከ ድልድዩ ሮጠ። ከዚያ ቆመና አፍንጫውን ወደ አንድ ነገር አነሣ። እሷም ፊቷን ወደ ፊት መለሰች። ጉንደ ወይን ላይ የጋሽ አምባቸው ጥሩንባ ትዝ አላት። ደብረ ወርቅ ላይ ቆሎ ገዝታ ረሳችው።

«ይሁን» አለች ለራሷ። «ሳህኑስ?»

አዎ፣ ሳህኑ አለ። ድር ቢኖርም ባይኖርም ሳህኑ አለ። ሥጋው ከድልድዩ ማዶ ነው እንዲባል አድርገው እዚሁ በሳህን ቢሰጡትስ? ይህ ሐሳብ እንደ ገመድ ነበር፤ ሉሊት በሁለት እጇ ያዘችው። ሳህኑን ሰርቃ ጤና ጣቢያ ትወስደዋለች። ላብራቶሪ ይመርምረው። መርዝ ከተገኘ እሷ አትጠየቅም።

የጎረቤቶቿ የግቢ በር ገርበብ ብሏል። ሰው የለም። ሳህኑ እንደተደፋ ግንቡ ላይ ነው። አንሥታ ሹራቧ ሥር ከተተችው።

«ሉሊት?»

እትዬ ሀሲና ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። እጃቸው ዱቄት ነው።

«ምን ይዘሻል ልጄ?»

ሉሊት ሳህኑን አወጣች። መዋሸት አቃታት። «ጤና ጣቢያ ልወስደው ነው። እንዲመረመር።»

«ምኑ ነው የሚመረመረው?»

«ሰባት ጊዜ ያጠባችሁት ነገር። አይቻለሁ። ቆጥሬያለሁ።»

 እትዬ ሀሲና ግንቡ ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በዱቄታም እጃቸው መታ መታ አደረጉ። ሉሊት አልተቀመጠችም።

«በእኛ ሃይማኖት ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል። አንዱ በአፈር ነው። ይኸው ነው ምሥጢሩ።»

«ታዲያ ሻለቃ ምን አግኝቶ ላሰው?»

«ወተት።» ወደ ሳህኑ አመለከቱ። «የሳብሪያ ሳህን ነው፤ የምትበላበት። ወተት መርዝ ያረክሳል ሲባል ሰምታለች። ለትንሹ ወንድሟ ለሙስዐብ ያስቀመጥኩትን ወተት አንጠፍጥፋ ገለበጠችለት። እኔ ‹አትንኪው› እያልኩ ስጮህ የውሻውን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ አገኘኋት። ከዚያ ወዲያ ምን እላለሁ? እኔም ጎኑን ይዤ ነበር። አባቷ ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ጉድጓድ ቆፈረ። ስንት ዓመት ሱቅ ሲጠብቅ በእሑድ ገበያ ሲዘጋ ያየሁት ያን ቀን ነው።»

ሉሊት ሳህኑን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ልነግርሽ ነበር። እናትሽ ሲጠይቁሽ ‹አስሬዋለሁ› አልሽ። ይቺ ደግሞ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ዝም በይ ማለቷ ነው።»

ሳብሪያ ቦርሳዋን እንዳነገተች በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አይታወቅም።

«ዓርብ አባቴ ሱቅ በር ላይ ነበርኩ» አለች። «ወደ መናኸሪያ ስታልፉ አይቻችኋለሁ። አንቺና ሻለቃ። እሱ እስከ እሑድ ጠዋት አልተመለሰም።»

 ከቡችላነቱ ጀምሮ የሻለቃን ገድል ስታወራ ቃል አጥታ የማታውቀው ሉሊት ሳህኑን አቅፋ መሬት መሬት አየች።

«ታዲያ ለልጆቹ ለምን አልነገርሽም? ሲሰድቡሽ?»

«እናትሽ እንዳይሰሙ።» ሳብሪያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «ውሻሽ ሞቶብሽ… ላዩ ላይ ደግሞ…» አልጨረሰችውም።

ሉሊት ሳህኑን ቦታው ላይ፣ ልክ እንደነበረው በአፉ ደፋችው። ለመሄድ ዞረች፤ ግን ቆመች።

«ይጮህ ነበር?»

«አይ» አለች ሳብሪያ። «መንገዱን ነበር የሚያየው። ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር ጆሮው ይነሣ ነበር።»

ሐሙስ በዕረፍት ሰዓት ሽታሁን ከሌላ ክፍል አንድ ልጅ እጁን ይዞ አመጣ። የሻለቃ ዝና እስከ ሰባተኛ ክፍል ደርሷል። ልጆች ጠረጴዛ ላይ ወጥተው፣ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው ከበቧት። እንዲህ ያለ አድማጭ የርእሰ መምህሩም ንግግር አግኝቶ አያውቅም።

«ንገሪው እስቲ» አለ ሽታሁን። «ከሰንሰለቱ ጀምሪ። ስንት ነበር ያልሽን? ሦስት ነው አራት?»

ሉሊት በራሶቹ መሐል አሻግራ አየች። ሳብሪያ ከኋላ ወንበር ብቻዋን ተቀምጣ ፌስታሏን ትፈታለች። የሽታሁን እናት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ይሠራሉ። ዛሬ እዚህ የተባለ ነገር ምሳ ሰዓት ላይ ሲስተር ባንቺዓለም ጆሮ ውስጥ ነው፤ ማታ ደግሞ ብቸና ያሉ አክስቶቿ ጋ።

ተነሣች። ልጆቹን ገፋ ገፋ እያደረገች ወደ ኋላ ሄደችና ሳብሪያ አጠገብ ተቀመጠች። እጇን ዘረጋች። ሳብሪያ አየት አደረገቻትና አንድ ሳምቡሳ መዳፏ ላይ አኖረችላት።  ሉሊት ገመጠች፤ አላምጣ እስክትውጥ ሁሉም ጠበቃት።

«ኧረ ሰንሰለቱን» አለ ሽታሁን። «ስንት ነበር?»

«ሰንሰለት አልነበረም» አለች ሉሊት። «ቁጭ በሉ። ከዓርብ ልጀምርላችሁ።»