የመልካሙ ስድስት ሞተሮች

ሔራን መልካሙን ያገኘችው ከይፋግ ወጣ ብሎ በሩዝ ማሳዎች መካከል በሚያልፈው መንገድ ላይ፣ የመሥሪያ ቤቷ ሞተር ሳይክል አልነሣም ብሎ በቆመባት ቀን ነው። የእንስሳት ሐኪም ናት። ከኋላዋ ባሰረችው ሣጥን ውስጥ ያለው የከብት ክትባት በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ ነበረበት፤ ገበሬዎቹም ከብቶቻቸውን ሰብስበው ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቋት ነበር።

እሱ ከአንድ ገበሬ ጎተራ ሥር ያወጣውን የዛገ አሮጌ ሞተር በአይሱዙ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር እየተመለሰ ነበር። ሲያያት ሾፌሩን አስቁሞ ወረደ። የእንስሳት ሐኪም መሆኗንና የክትባቱን በረዶ ነገር በችኮላ ነገረችው። ካንዴላውን ፈታ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ ገጠመው። አንዴ ቢረግጠው ሞተሩ ተነሣ።

«ይሂዱ ዶክተር፤ በረዶው አይጠብቅዎትም» አላት።

ስሙን እንኳ ሳትጠይቀው ሄደች። ክትባቱን ሰጥታ ስትመለስ ግን እነዚያ ጥቁር ቅባት የነካቸው ጣቶች ከዓይኗ አልጠፉም።

በሳምንቱ ሞተሩ እንደገና ሲያስቸግራት፣ ባሕር ዳር ያገኘችው ጎማ ጠጋኝ «ሽምብጥ ሰፈር ሂጂ፣ መልካሙ የሚባል የፋብሪካ መካኒክ አለ» አላት። የግቢውን በር ስታንኳኳ የከፈተላት ያው ሰው ነበር። ሁለቱም ሳቁ።

ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ስድስት አሮጌ ሞተሮች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ሁሉም ለአቀበትና ለጭቃ የተሠሩ፣ በዘመናቸው የግብርና ሠራተኞችንና የወባ መድኃኒት ረጪዎችን ተሸክመው አገር ያዳረሱ። አንዷ ከደቅ ደሴት በጀልባ ተጭና የመጣች ናት። ሌላዋን መራዊ ከተማ ሲያገኛት ዶሮ ወንበሯ ላይ ታቅፋ ነበር፤ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ሦስት ሳምንት ጠብቆ ወሰዳት። ብዙ ሰው ሽጥልኝ ይለዋል፤ አይሸጥም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አንድ በአንድ እያስነሣ ያዳምጣቸዋል።

ሔራንም እሁድ እሁድ መምጣት ጀመረች። መፍቻ ታቀብለዋለች፤ እሱ ደግሞ እያንዳንዷ ከየት እንደመጣች ይተርክላታል። አመሻሽ ላይ ከኋላው ጭኖ ታንኳዎቹ እስከሚቆሙበት የጣና ዳርቻ ይወስዳታል። «እርስዎ» ማለቱን መቼ እንደተወ ሁለቱም አያስታውሱም።

ስምንት ወር እንዲህ ካለፈ በኋላ የዝውውር ደብዳቤ መጣ። ሔራን አባቷ ካረፉ ጀምሮ እናቷ አሰላ ብቻቸውን ስለሆኑ፣ መልካሙን ከማወቋ በፊት ያመለከተችው ነበር። በዚያው እሁድ ነገረችውና ጠበቀች። እሱ እጁን በጨርቅ ብዙ ጠረገ።

«እናትሽ ብቻቸውን ናቸው። መሄዱ ይሻላል» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ወደሚያጠብቀው የሞተር ሰንሰለት ዞረ።

ባጃጅ ውስጥ ገብታ እስከ ቤቷ አለቀሰች። ቢወደኝ ኖሮ አንዲት ቃል አያጣም ነበር ብላ ደመደመች።

እናቷ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ዕቃ ሊያግዟት ከአሰላ መጡ። ሔራን ስለ መልካሙ ያለችው ጥቂት ነበር፤ እሳቸው ግን የልጃቸውን ፊት ማንበብ ያውቁበታል። «ሳትሰናበቺው አንሄድም» ብለው ሽምብጥ ወሰዷት።

ግቢው እንደገቡ ወይዘሮ ፅጌ ከሦስተኛዋ ሞተር ፊት ቆመው ቀሩ። መሪዋን ዳሰሱ። በወጣትነታቸው፣ የግብርና ሠራተኛ ሳሉ፣ በእንዲህ ያለችው የአርሲን ተራራ ዘጠኝ ዓመት እንደወጡና እንደወረዱ ነገሯቸው። ባላቸው ሞተር መንዳታቸውን አልወደዱላቸውምና ከተጋቡ በኋላ ነድተውም፣ ወሬውን አንሥተውም አያውቁም። ሔራን ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩ፣ ቤንዚኑን ከፈቱ፣ ረገጡ። በሁለተኛው ተነሣች። የፍሪሲዮኑን እጀታ ቀስ ብለው ለቀው በግቢው መካከል ያለውን የማንጎ ዛፍ ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ ሳቃቸው የልጅ ሳቅ ነበር። ሞተሩን ካጠፉ በኋላም አልወረዱም።

«ልጄን አትሂጂ ያላልሃት ለምንድን ነው?» አሉት።

መልካሙ አንገቱን ደፋ። «እናቷን ትታ እንድትቀር መጠየቅ አልደፈርሁም።»

«እናቷ ይኸው አለሁ። አሁን ጠይቃት።»

ወደ ሔራን ዞረ። «አትሂጂብኝ» አላት። «መሄድ ግድ ከሆነም እኔ እከተልሻለሁ። አሰላ ለመካኒክ ሥራ አይጠፋም።»

«ሞተሮቹስ?»

«የሚይዛቸው ሰው አላጣም።»

ይህን ማለት ምን ያህል እንደከበደው ሔራን ታውቃለች። ቀረብ ብላ ቅባት የነካ እጁን ያዘች። «ማንም የትም አይሄድም» አለችው። «ደግሞ እማዬን ከዚህ ግቢ በምን ኃይል አወጣታለሁ?»

ደብዳቤውን ለመሥሪያ ቤቷ መለሰች። ከፋሲካ በኋላ ተጋቡ። ወይዘሮ ፅጌም የአሰላውን ቤታቸውን አከራይተው፣ ክረምቱ ሲወጣ ጠቅልለው ሽምብጥ ገቡ።

ዛሬ እሁድ ከሰዓት ጣና ዳር የሚውል ሰው ሦስት ሞተር ተከታትሎ ሲያልፍ ያያል። ፊት ወይዘሮ ፅጌ ናቸው፣ ቀጥላ ሔራን። መልካሙ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ለምን አትቀድማቸውም ሲሉት፣ ከኋላ ስሆን ሁለቱንም አያለሁ ይላል።