አራተኛው ቤላ

ኢንስፔክተር ጸዳለ ጋራዡ ስትደርስ ጎረቤቶች አይሱዙውን አንስተው የእንየውን አስከሬን ከስሩ አውጥተው ነበር። አንድ ሰው ጋቢ ጥሎበታል። ጋቢው እግሮቹን አልሸፈነም፤ አንደኛው ጫማው ወልቆ ከመኪናው ስር ቀርቷል።

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን ይህን ጋራዥ እንየውና ሀምዱ የተባሉ ሁለት መካኒኮች በሽርክና ይሠሩበት ነበር። ሀምዱ አሁን ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አላት፣ ሳትጠይቀው።

«እንዴት?»

«መኪና ያነሳ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ታኮ፣ ያ ወፍራም ግንድ፣ ከሻንሲው፣ ከመኪናው የብረት አጥንት ስር መግባት አለበት። ማስገባቱ የኔ ሥራ ነው። ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ስቸኩል ረሳሁት መሰለኝ። ስመለስ መኪናው ወርዶበታል። ወላሂ፣ አስገባሁት አላስገባሁት ትዝ አይለኝም!»

ጸዳለ ክሪኩን አገላብጣ አየችው። አልተሰበረም፤ ዘይትም አላፈሰሰም። ታኮውን ከአሮጌ ጎማዎች ጀርባ ተወሽቆ አገኘችው። የሻንሲው ጠርዝ እንጨቱ ላይ ሰርጉዶ ገብቷል፤ በስርጉዱ ውስጥ የቀረው ቅባት ገና እርጥብ ነው። ለማንም ሳትናገር መኪናዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

አስከሬኑ ከነበረበት አጠገብ፣ ጨርቅ ላይ፣ የቤላ ብሮንዞች ተደርድረዋል። ቤላ ፒስተኑን ከኮሎው፣ ከሚሽከረከረው የሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ነው። ብሮንዝ ደግሞ በሁለቱ መካከል ግማሽና ግማሽ ሆኖ የሚገባ ስስ ብረት ነው፤ እሱ ከተበላ ሞተሩ ያንኳኳል። ጸዳለ አንዱን አነሳች። ጠርዙ ለስላሳ፣ ጀርባው ላይ የፋብሪካው ማኅተም ጠልቆ የተመታ፣ ውስጡ በአገልግሎት እኩል የሳሳ። ሐቀኛ ዕቃ ይመስላል። ጨርቁን እንዳለ ጠቀለለችው።

የመኪናው ባለቤት ሂንድ የሽንኩርት ነጋዴ ናት።

«ትናንት ኮሌታውን ይዤ ጮኼበታለሁ፤ አልክድም» አለች። «ሞተሩን ከሠራው ወር ሳይሞላው እንደ ከበሮ ይደልቃል። ‹ኦሪጅናሉን ሸጠህ ፎርጅድ ገጠምክልኝ› አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«‹እትዬ ሂንድ፣ ዕቃው የወልዴ ነው፤ ነገ ፈትቼ አሳይሻለሁ። ከዚያ አብረን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን፤ የዚያ ሚኒባስ ብሮንዝም ከሱ ሱቅ ነበር› አለኝ።»

ሚኒባሱን ጸዳለ አልረሳችውም። ክረምት ላይ ከውጫሌ ወዲህ ባለው አቀበት ሞተሩ በድንገት ቆሞ፣ ወደ ኋላ ተንከባሎ ገደል ገብቷል። ሙታኑን ስታነሳ ውላለች።

ወልዴ የመለዋወጫ ሱቁን የከፈተው ከጋራዡ ፊት ለፊት ነው፤ የጋራዡ ጩኸት እዚያ ድረስ ይሰማል።

«የምሸጠው የጃፓን ነው፤ ሳጥኑ ይኸው» አላት።

«ሳጥን ማንም ያሳትማል።»

«ታዲያ ዕቃውን ይዩታ! ከሞተሩ ወጥቶ ጨርቅ ላይ የለም? ለነገሩ እርስዎ ብሮንዝና አምባር ይለያሉ?» ሳቀ። ብቻውን መሳቁን ሲያይ ተወው።

አለቃዋ ግን አልጠበቀም። «ሀምዱ አምኗል። ከቀብር በኋላ ይታሰርና ለዐቃቤ ሕግ እንልከዋለን።»

«ከቀብር በፊት አንድ ነገር ላስፈታ» አለች ጸዳለ።

በማግስቱ ጠዋት ሀምዱ፣ ሂንድ፣ ወልዴና ሁለት ፖሊሶች ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። የሟቹ ሚስት እየሩስ ጥቁር ለብሳ በር አጠገብ ቆማለች። ሀምዱ ሌሊቱን ለቅሶ ቤት አልሄደም፤ አሁንም ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ከመኪናው ስር ግባ» አለችው ጸዳለ።

ፊቱ አመድ መሰለ። «ታኮውን እርስዎ ያስገቡልኝ።»

ሌላ ወፍራም ግንድ አስገባችለት። ተንሸራትቶ ገባ።

«ሞተሩ አራት ቤላ አለው። ስንቱ ተፈቷል?»

«ሦስቱ» አለ ድምፁ ከስር። «አራተኛው ብሎኑም አልተነካም።»

«ከሦስት ቤላ ስንት ግማሽ ብሮንዝ ይወጣል?»

«ስድስት።»

ጸዳለ ጨርቁን ዘረጋችው። «እዚህ ያለው ስምንት ነው።»

ሂንድ ቀርባ አንድ በአንድ ቆጠረች።

«አራተኛውን ፍታው» አለች ጸዳለ።

ከአራተኛው ቤላ የወጣው ብሮንዝ ጀርባው ልሙጥ ነው። ጽሑፉ በቀለም የታተመ ስለነበር ቤንዚን በነከረ ጨርቅ ስታሸው ለቀቀ። ውስጡ እንደ ደረቀ ቁስል ተቀርፎ ብረቱ ወጥቷል።

«ይህ ከዚህ ሞተር የወጣ ነው፤ ጨርቁ ላይ ያሉት ግን ከሌላ» አለች። «የቀየራቸው መካኒክ ቢሆን ስድስት ያስቀምጥ ነበር፤ የተፈታውን ያውቃልና። ሱቅ ውስጥ ግን ብሮንዝ በስድስት አይሸጥም። ለባለ ሱቅ አንድ ሞተር ማለት ስምንት ነው። እጁ የለመደውን ሙሉውን ደረደረ።»

«ሂንድም መካኒክ አይደለችም!» አለ ወልዴ።

«ሂንድ ፎርጅድ ተገጠመልኝ ብላ ስትከስ ኦሪጅናል አስቀምጣ ራሷን ታሳብላለች? ጨርቁ ላይ ኦሪጅናል መገኘቱ የጠቀመው አንተን ብቻ ነው።»

«ታኮውን የረሳው እሱ ነው፤ ራሱ ብሏል!»

«ረሳሁ መሰለኝ ነው ያለው።» ትናንት የወሰደችውን ታኮ ከመኪናዋ አምጥታ ስርጉዱን አሳየቻቸው። «ይህ ግንድ በዕለቱ መኪና ተሸክሟል። የተሸከመ ታኮ ተንሸራትቶ አይወጣም። ክሪኩን ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ግንዱን መሳብ፣ ከዚያ ክሪኩን መልቀቅ ይጠይቃል። ሀምዱ ለሶላት ሲወጣ ከሱቅህ ታየዋለህ። እንየው ከስር ሆኖ እግርህን ሲሰማ ‹ሀምዱ፣ መጣህ?› ሳይልህ አይቀርም።»

እየሩስ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ላናግረው ነው የገባሁት» አለ ወልዴ፣ ድምፁ ወርዶ። «‹ዕቃውን መልስልኝ፣ በሌላ እተካልሃለሁ› አልኩት። ‹ለሚኒባሱ ሙታንም ትተካለህ?› አለኝ።»

«ልታናግረው ገብተህ፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ብሮንዝ በኪስህ ምን ይሠራል?»

ወልዴ ወደ በሩ ዞረ። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ሀምዱ ከመኪናው ስር እንዳለ ቀረ።

«አስገብቼው ነበር?» አለ ከስር ሆኖ።

«አስገብተኸው ነበር» አለች ጸዳለ።

ጎንበስ ብላ የጠራችው እየሩስ ናት። «ሀምዱ፣ ውጣ። አስከሬኑን የሚሸከም ሰው ጎድሏል።»

ወጥቶ እጆቹን አሳያት። «ዘይት ነኝ።»

«የሱም እጅ አጥበውት አልለቀቀም» አለችው። «ና።»