ለሁለት ያልበቃች ካርድ

የክንፉ ሬሳ የተገኘው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ካለው ጌም ቤቱ ጀርባ፣ የተላጠ የጄነሬተር ሽቦ እንደጨበጠ ነው። ሰፈርተኛው ሳይመረምር በጄነሬተሩ ባለቤት በዩኑስ ፈረደ፤ የአገሩ ፖሊሶች፣ ሹርጣዎቹም፣ ሊወስዱት በር ላይ ቆመዋል። የሟች እህት ለተሥላሴ ግን ድሮ ጎንደር የፖሊስ መርማሪ የነበሩትን ጋሽ አየነውን አስጠራች።

ሽማግሌው ሽቦውን አገላብጠው አዩት። በተላጠው ላይ ፕላስተሩ ተጠቅልሎ አላለቀም።

«ዩኑስ፣ ጄነሬተሩን ሳትጣራ ነው ያስነሳኸው?»

«ወላሂ ተጣርቻለሁ። ሳልጣራ አስነስቼ አላውቅም። ከውስጥ ‹ተማም፣ ደህና ነው› አሉኝ፤ በጎረቤቱ ወፍጮ ጩኸት ድምፁን አልለየሁትም።»

አየነው ወደ ኢሳያስ ዞሩ። ኢሳያስ ከክንፉ ጋር በአንድ ገበታ ያደገ ሸሪኩ ነው።

«ኮምፒዩተሩ በባትሪ ይሠራ ነበር» አለ። «በአንዱ ስክሪን እኔ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ፣ ክንፉ በሌላው ጌም ይጫወት ነበር። መቼ እንደወጣ አላየሁም። ‹ተማም› ያለው ራሱ ይሆናል።»

«በአንድ ኮምፒዩተር ሁለታችሁም?»

«ክንፉ በውስጡ ሌላ ኮምፒዩተር ሠርቶበታል፤ ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። ጌሙ የሚከፈተው በዚያ ነው።»

«ምስል የምታወጣው የግራፊክስ ካርዷ ግን አንዲት ናት» አለች ለተሥላሴ። «ሁለተኛ እንደተመኘ ነው የሞተብኝ።»

አየነው ሦስቱንም ኮምፒዩተሩ ፊት ሰብስበው አስቀመጡ። «ኢሳያስ፣ እስቲ ጌሙን ክፈተው።»

ኢሳያስ ከፈተው። ጌሙ ሲበራ የማመልከቻው ስክሪን ጠቆረ።

«ካርዷ ለጌሙ ስትሰጥ ሌላው ይታወራል» አሉ አየነው። «እንግዲህ ሁለት ሰው በአንዴ አልሠራበትም። ክንፉ ውጭ ሽቦ ሲጠቀልል ነበር። ሽቦ የጨበጠ ሰው ደግሞ ‹ተማም፣ አስነሳ› አይልም። ውስጥ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ፤ የመለስከውም አንተ ነህ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ የቆየው ኢሳያስ አንገቱን ደፋ።

«ክንፉ፣ ዩኑስ ከተጣራ ‹ቆይ› በልልኝ ብሎኝ ነበር። ጌም ላይ ነበርኩ። ሁልጊዜ የምንመልሰው ‹ተማም› ነው፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።»

«ከወጣስ በኋላ፣» አለች ለተሥላሴ፣ «ሮጠህ ብታስቆመው ምን ነበረበት?»

«ትዝ ያለኝ የጌሙን ዙር ስጨርስ ነው።»

ለተሥላሴ ተነሥታ ለሹርጣዎቹ ዩኑስ ንጹሕ መሆኑን ነገረቻቸው። ስትመለስ ኢሳያስ እግሯ ላይ ወደቀ። ወንድሟን ገድሎባታል፤ አብሯት አድጎ እንደ ወንድም የቀራትም እሱ ብቻ ነበር። ልታነሣው ጎንበስ አለች፤ እጇ ግን አልታዘዘላትም።