ሠራተኞቹ ምሳ የት ነው የሚበሉት?

የቁም ሣጥኑ ቁልፍ አልተሰበረም። የቢሮው በርም አልተፈለቀቀም። ሁለቱ የሽሮፕ ጠርሙሶች ግን የሉም።

የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዋ ዓይኗን አላምን ብላ መደርደሪያውን በእጇ ዳበሰችው። ዓርብ ከሰዓት ራሷ አስቀምጣ ራሷ ቆልፋባቸው ነበር። ወንበሯ ላይ ዘጭ አለችና ለፖሊስ ደወለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ስሙን እንድታድስለት ጠይቋታል። እሷ ደግሞ ሳታጠና የማንንም ስም አትሸከምም። ውል ከመፈረሟ በፊት የድርጅቱን ያለፈ ታሪክ ታገላብጣለች፤ ደንበኛውን፣ ጥበቃውን፣ ተጣልቶ የወጣውን ሠራተኛ ሳይቀር ታነጋግራለች። በዚህ ቅድመ ጥናት መሃል ነው የፋብሪካው የጥራት ተቆጣጣሪ ቢሮዋ ድረስ መጥታ ጉዱን የዘረገፈችላት። ጊዜው ያለፈበት የልጆች ሽሮፕ አዲስ ቀን እየተለጠፈበት ይሸጣል። ለማስረጃ ያመጣቻቸው ጠርሙሶች ላይ አሮጌው ቀን ከአዲሱ ሥር ብቅ ብሎ ይታይ ነበር።

"እኔ መሆኔ ከታወቀ ልጆቼን ይዤ ጎዳና ነው የምወጣው" አለቻት ተቆጣጣሪዋ።

ባለሙያዋ ስሟን ለማንም እንደማታነሳ ማለችላት።

ሰኞ ጠዋት ጠርሙሶቹ ጠፉ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ተቆጣጣሪዋ ከሥራ ተባረረች። "ማልሽልኝ እኮ" ብላ በስልክ አለቀሰች፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር ዘጋችው።

መርማሪው ብዙ የማይናገር፣ ሲጠይቅ ግን ፋታ የማይሰጥ ሰው ነበር። የቢሮውና የሣጥኑ ቁልፍ ያለው ማን እንደሆነ ጠየቃት። እሷና ፎቶ አንሺዋ ብቻ እንደሆኑ ነገረችው። ፎቶ አንሺው አብሯት ለዓመታት የሠራ፣ ባለትዳር፣ ጭምት ሰው ነው። ተቆጣጣሪዋ ስትመጣም በሩን የከፈተላት እሱ ነበር። የሕንፃው ጥበቃ ደግሞ እሑድ ቢሮ ሲገባ አይቶታል።

"እሑድ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?" አለው መርማሪው።

"ሥራ ነበረኝ።"

"የምን ሥራ?"

ፎቶ አንሺው የካሜራውን ክዳን ከፍቶ ዘጋ።

"ሣጥኑን ከፍተሃል?"

"አልከፈትኩም።"

"ታዲያ ምኑን ነው የምትደብቀው?"

ፎቶ አንሺው ባለሙያዋን በቆረጣ አያት። "ሌላ ቦታ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ፎቶዎቼን ልልክ ነው የገባሁት። እሷ እንዳትሰማ ብዬ ነው።"

አላመነችውም። ያጎረሰ እጇ የተነከሰ መሰላት፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ እንዲተው ነገረችው። አስቀምጦላት ወጣ። አስቀምጦላት ወጣ።

በማግስቱ ሳታስታውቅ ፋብሪካው ደጃፍ ተገኘች። ጥናቱን ልጨርስ ብላ ሳይሆን፣ የሥራ አስኪያጁን ዓይን ማየት ፈልጋ ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን ሲጠብቃት እንደከረመ ሰው በፈገግታ ተቀበላትና፣ ቢሮውን አልፎ በቀጥታ ወደ አንድ ሰፊ አዳራሽ ወሰዳት። የወንበሮቹ ላስቲክ እንኳ ገና አልተገፈፈም። ሠራተኞቹ ሳሕናቸውን ይዘው ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ተሸማቀው ተቀምጠዋል። አንዷ ውሃው የት እንደሆነ ጎረቤቷን በሹክሹክታ ጠየቀች፤ ጎረቤቷም አታውቅም።

"እኛ ዘንድ አለቃውም ሠራተኛውም ምሳ የሚበላው እዚሁ ነው" አላት ሥራ አስኪያጁ።

አልጠየቀችውም ነበር። ፋብሪካውን ስትረግጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

የትኛውም ድርጅት ግቢ ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። "ድርጅት ለእንግዳ ሳሎኑን ነው የሚያሳየው። አንቺ ሠራተኞቹ ምሳ የት እንደሚበሉ ጠይቂ" ብለው ያስተማሯት አሮጊቷ መምህሯ ናቸው፤ የሙያው ሰዎች "እመት ቃል" የሚሏቸው። ፎቶ አንሺው ሥራ የሚገባው ውል ከተፈረመ በኋላ ስለሆነ ይህን ጥያቄ ሰምቶት አያውቅም። እመት ቃል ግን ያውቃሉ፤ ለፋብሪካው እሷን የጠቆሙትም እሳቸው ነበሩ። ቢሮው ራሱ ጡረታ ሲወጡ ያስረከቧት ነው፤ የበሩንም የሣጥኑንም ቁልፍ አልቀየረችም፤ ቅጂው እሳቸው ዘንድ ቀርቷል። የተቆጣጣሪዋንም ነገር ዓርብ ማታ ስታማክራቸው ስሟን አንስታላቸዋለች። ለእሳቸው መንገር ለሰው መንገር መስሏት አያውቅም ነበር።

ለመርማሪው ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ። "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" አላትና ባልደረቦቹን ወደ ፋብሪካው መጋዘን ልኮ አብሯት ሄደ።

እመት ቃል በሩን ከፍተው ሁለቱን ሲያዩ አልደነገጡም። አስገብተው አስቀመጧቸው። መርማሪው መጋዘኑ እየተፈተሸ መሆኑን ነገራቸው። 

"ጠርሙሶቹን የወሰዱት እርስዎ ነዎት?" አለቻቸው ባለሙያዋ።

"እኔ ነኝ።"

"ስሟንም የሰጡት?"

"እኔ ነኝ፣ ልጄ። የዚያን ሽሮፕ ስም ያወጣሁትም ያስተዋወቅሁትም እኔ ነኝ። እናቶች በእኔ ቃል አምነው ነው ለልጆቻቸው ያጠጡት። ዛሬ መርዝ ነው ከተባለ የእኔ ዕድሜ ምን ሊባል ነው?"

"ታዲያ ለፋብሪካው እኔን ለምን ጠቆሙ?"

"ያንቺ ስም ገና አልቆሸሸም። አንቺ ደህና ነው ካልሽ ሰው ያምናል።"

ከስርቆቱ ይልቅ ይህ አንጀቷን አሳረረው። ለካ ያሳደጓት ስሟን ለራሳቸው ሊያውሉት ኖሯል።  ፎቶ አንሺው ታወሳትና በራሷ አፈረች።

እመት ቃል ካፖርታቸውን ደርበው ከመርማሪው ጋር ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ። ድምፃቸው እንደ ድሮው የተረጋጋ ነበር።

"ጋዜጠኞች መምጣታቸው አይቀርም። መግለጫውን አንቺ ጻፊልኝ። ከአንቺ በላይ የሚያውቀኝ የለም።"

"አላውቅዎትም" አለች። "ሁሉንም ሳጠና እርስዎን አላጠናሁም።"

እሳቸው ወደ ፖሊስ መኪናው ገቡ። እሷ በእግሯ ወደ ተቆጣጣሪዋ ቤት ሄደች። ውስጥ የልጆች ድምፅ ይሰማል። ስንቱን ድርጅት ይቅርታ መጠየቅ አስተምራለች፤ በሩን ስታንኳኳ ግን ምን እንደምትል አታውቅም ነበር።